መርከብ ላይ «የነባር ደንበኞች ግብዣ» ሲመጣ፦ ልሂድ ወይስ ልቅር?

በዚህ ወር ከድሬዳዋና ከሐረር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ። ሦስቱም ክሩዝ በሚባለው የሽርሽር መርከብ ላይ ለተመላላሽ ተሳፋሪዎች ከሚደረገው ግብዣ ጋር ይነካካሉ። የመጀመሪያው ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቆይቻለሁ። ውጭ ያሉ ልጆች ወላጆቻቸውን እንዲህ ማዞር ስለጀመሩ ጥያቄው የብዙ ቤት ጥያቄ ነው።

«ሰላም ልጄ። የምኖረው ድሬዳዋ ከዚራ ነው። 31 ዓመት ምድር ባቡር ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ካናዳ ያለችው ልጄ እኔንና እናቷን ከባርሴሎና በሚነሳ ክሩዝ ለ10 ቀን ልትወስደን ነው። እሷና ባሏ ስድስት ጊዜ ሄደዋል። ለእኛ የመጀመሪያችን ነው። በስልክ ስናወራ ‹አባዬ፣ ለነባር ደንበኞች ግብዣ አለ፣ ካፒቴኑም ይመጣል፣ ሱፍህን እንዳትረሳ› አለችኝ። ለእኔ ይህ ሳይጠሩ ሰርግ መግባት ነው። ባለቤቴ ደግሞ መጠጥ አትቀምስም፣ ጊዜውም ጾም ነው። ነጻ የተባለው ኋላ ሒሳብ ሆኖ ልጄ ላይ እንዳይመጣም እፈራለሁ። ምን ትመክሪኛለሽ?»

ጋሼ፣ ይሂዱ። ሱፉንም ይያዙ።

ይህን የምለው ከሰው ሰምቼ አይደለም። ሰባት ዓመት ክሩዝ መርከብ ላይ አስተናጋጅ ሆኜ ሠርቻለሁ። ያንን ግብዣ ትሪ ይዤ ስንቴ እንደዞርኩበት ቆጥሬ አልጨርሰውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መርከቡ ከተነሳ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ካርድ ይመጣል። በር ላይ ይሰካል ወይም አልጋ ላይ ይቀመጣል፣ አሁን አሁን ደግሞ በስልክ የሚልኩም አሉ። ካርዱ ላይ ሰዓቱና አዳራሹ ተጽፏል። ብዙ ጊዜ ከእራት በፊት ነው፤ ቢቆይ አንድ ሰዓት ነው። አንዳንዱ መርከብ ግን ወደብ በማይቆምበት ቀን ረፋዱ ላይ ያደርገዋል። ሲገቡ ሙዚቀኞች በቀስታ ይጫወታሉ። መኮንኖቹ ነጭ በነጭ ለብሰው በሩ አካባቢ ተሰልፈው ይቆማሉ። እኛ ትሪ ይዘን በሰው መሀል እንዞራለን። ካፒቴኑ አጠር ያለ ንግግር ያደርጋል፦ ስለ አየሩ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ መርከቡ።

ሳይጠሩ መግባት ስላሉት ነገር፣ ግብዣው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ለካቢኑ፣ ማለትም ለመኝታ ክፍሉ ነው። ከልጅዎ ጋር አንድ ካቢን ውስጥ ከሆናችሁ ነገሩ አለቀ። የተለያየ ካቢን ከሆነ ደግሞ ልጅዎ ሪሴፕሽን ሄዳ «ወላጆቼ አብረውኝ ናቸው፣ ይዣቸው ልምጣ?» ብላ ትጠይቅ። እኔ በሠራሁባቸው መርከቦች በዚህ ምክንያት ከበር የተመለሰ አባት አላየሁም። ጠበቅ የሚሉት ለከፍተኛዎቹ ደረጃዎች ብቻ በተለዩት ትንንሽ ሳሎኖች ላይ ነው።

ደረጃ ስል ምን እንደሆነ ላስረዳ። ኩባንያዎቹ ደንበኛን የሚቆጥሩት ባብዛኛው መርከብ ላይ ባደረበት ሌሊት ነው። ለምሳሌ ሮያል ካሪቢያን ለአንድ ሌሊት አንድ ነጥብ ይሰጣል፣ ስዊት የሚባለውን ሰፊ ክፍል ለያዘ ደግሞ እጥፍ። 3 ነጥብ ያለው ወርቅ ይባላል፣ 30 ፕላቲነም፣ 55 ኤመራልድ፣ 80 ዳይመንድ፣ 175 ዳይመንድ ፕላስ፣ 700 ሲሞላ ፒናክል። 700 ሌሊት እኮ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው፤ ያን ያህል ባሕር ላይ ያደረ ሰው አለ፣ ያውም አንድ ሁለት ብቻ አይደለም። ሆላንድ አሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1873 ሮተርዳም ውስጥ የተቋቋመ ዕድሜ ጠገብ ኩባንያ ነው። 100፣ 300፣ 500ና 700 ቀን ለሞላቸው ተሳፋሪዎች ሜዳሊያ በማጥለቅ ይታወቃል። ከግብዣው ለሚወጡ ሰዎችም የመርከብ ሥዕል ያለባት ትንሽ የሸክላ ሰሌዳ ይሰጥ ነበር። እሷን ሰብስበው ወጥ ቤታቸው ግድግዳ ላይ የሚለጥፉ ሰዎች አውቃለሁ።

አሁን ወደምወደው ሰዓት ልምጣ። ካፒቴኑ ተናግሮ ሲጨርስ የመዝናኛ ክፍሉ ኃላፊ ማይክ ይይዝና ከተሳፋሪዎቹ ስንቱ ወርቅ፣ ስንቱ ፕላቲነም እንደሆነ ይናገራል። ከዚያ በዚያ ጉዞ ላይ ካሉት ሁሉ ብዙ ቀን የተጓዙትን ሁለት ሦስት ሰዎች ስም ይጠራል። አንድ ጊዜ አንደኛ የወጡት ብቻቸውን የሚጓዙ ባልቴት ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቤት መዋል አልሆነላቸውም። ስማቸው ሲጠራ አዳራሹ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ፎቶ ተነሡ፣ አበባም ተቀበሉ። ከመድረኩ ሲወርዱ ግን ወደ ወንበራቸው አልሄዱም፤ ትሪ ይዘን ግድግዳ ጥግ ወደቆምነው ወደ እኛ መጡና አንድ በአንድ ሰላም አሉን። ከሁለት ዓመት በፊት ሌላ መርከብ ላይ አስተናግጃቸው ኖሯል። እኔ ረስቻቸዋለሁ፣ እሳቸው ስሜንም አገሬንም አልረሱም። ያን ማታ መኝታዬ ገብቼ አለቀስኩ። ለዚያ ውል ከአገር ከወጣሁ ስምንት ወር ሆኖኝ ነበር፣ በስሜ ከልቡ የጠራኝ ሰው ናፍቆኝ ነበር።

እርስዎ የምድር ባቡር ሰው ስለሆኑ ይህ ይገባዎታል። አክስቴ ከድሬ ጅቡቲ በባቡር እየተመላለሰች ትነግድ ነበር። ተቆጣጣሪው ያውቃታል። ስትዘገይ ቦታዋን ይይዝላታል፣ ሲታመም ቤቱ ድረስ ሄዳ ትጠይቀዋለች። ነጥብ የሚቆጥርላት ማንም አልነበረም። ክሩዙ ያንን በኮምፒውተር ለማድረግ ነው የሚሞክረው። ሦስትና አራት ሺህ ተሳፋሪ በየሳምንቱ የሚለዋወጥበት መርከብ ላይ ሰውን በስሙ ማወቅ ከባድ ስለሆነ ካርድና ደረጃ አወጡለት። ጎደሎ ነው፣ ግን ባዶ አይደለም።

ሒሳቡን በተመለከተ፣ በትሪ የሚዞረው በነጻ ነው፦ ወይን፣ አረፋማ ወይን፣ አንድ ሁለት ዓይነት ኮክቴል፣ ጁስ፣ ውሃ። ከትሪው ውጪ የተለየ ነገር ካዘዙ ግን ሊያስከፍል ይችላል። አንድ ቀላል ምልክት ልንገርዎ፦ መርከብ ላይ ገንዘብ የለም፣ ሁሉም ነገር በካቢን ካርድ ነው የሚከፈለው። ስለዚህ አስተናጋጁ ካርድዎን ከጠየቀዎት ያ መጠጥ ነጻ አይደለም፣ ካልጠየቀዎት ዘና ብለው ይጠጡ። ጉርሻ የሚጠይቅዎትም የለም፤ ብዙ መርከብ ላይ የአገልግሎት ክፍያ በየቀኑ በነፍስ ወከፍ ለብቻው ይታሰባል፣ እሱን ልጅዎ ቀድማ ታውቀዋለች።

እማማ መጠጥ አለመቅመሳቸው ምንም አያሳስብዎት። እኛ ትሪ ስንደረድር አንዱ ረድፍ ሁልጊዜ ጁስ ነው። ካፒቴኑ ብርጭቆ ሲያነሣ በብርቱካን ጁስ ቢያነሡ ዞሮ የሚያያቸው የለም። ጾሙ ላይ ግን ትንሽ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በአንድ ጉርሻ የምታልቅ ነገር ትዞራለች፣ ከላይ አትክልት መስላ ከውስጧ አይብ ወይም ቅቤ ይኖራታል። ስለዚህ መርከቡ ላይ በወጡበት በመጀመሪያው ቀን ለምግብ አዳራሹ ኃላፊ «ቪጋን» ብለው ያስመዝግቡ። ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይገባም ማለት እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ግብዣው ላይም ያቺኑ ቃል ለአስተናጋጁ ይንገሩት፣ ከወጥ ቤት ጠይቆ ያመጣላችኋል። ሁልጊዜ እንዲህ አድርገናል።

ልብስ። እርስዎ ሱፍ፣ እማማ የሀበሻ ቀሚስ ከነጠላቸው። ይህን አጥብቄ ነው የምለው። አንዲት ናይጄሪያዊት እናት የአገሯን ልብስ ለብሳ ስትገባ አዳራሹ እንዴት እንደሞቀ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰው ለመጠየቅና ለመተዋወቅ ምክንያት ያገኛል።

ካፒቴኑ እጅዎን ባይጨብጥ ደግሞ እንዳይከፋዎት። ድሮ በር ላይ ቆሞ ሁሉንም ይጨብጥ ነበር። አሁን ብዙ መርከብ ላይ ቀርቷል፣ ምክንያቱም ኖሮቫይረስ የሚባል ትውከትና ተቅማጥ የሚያስከትል በሽታ አለ፣ ከእጅ ወደ እጅ በቀላሉ ይተላለፋል፣ ሰው በተጠጋጋበት ቦታ ደግሞ ፈጥኖ ይዛመታል። እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው እንደኛ ጎንበስ ይበሉ፣ በቂ ነው። እዚያው እያለን፣ በየበሩ የሚሰጡት የአልኮል ጄል ይህን ቫይረስ እምብዛም አይገድለውም። ትሪ ላይ ያለውን ከመቅመስዎ በፊት እጅዎን በውሃና በሳሙና ይታጠቡ። እንኳን ለእኛ፣ ምግብ በእጁ ለሚበላ ሕዝብ፣ ለማንም የሚሆን ምክር ነው።

አንድ ነገር ብቻ ለልጅዎ ይንገሩልኝ። ግብዣው ሊያበቃ ሲል ፈገግ ያለ ሠራተኛ መጥቶ የሚቀጥለውን ጉዞ አሁኑኑ ያዙ ይላል። ቅናሽ አለ፣ መርከብ ላይ የሚያወጡት ተጨማሪ ገንዘብም ይሰጣል። ውሸት አይደለም፣ አንዳንዱ በእውነት ጥሩ ዋጋ ነው። ግን ኩባንያው ሰው ሲደሰት ቶሎ እንደሚፈርም ያውቃል፣ ግብዣውን ከሚያዘጋጅባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው። ስለዚህ ያን ማታ አትፈርም። ወረቀቱን ወስዳ፣ መያዣው ተመላሽ ይሁን አይሁን አንብባ፣ በማግሥቱ ትወስን። ከጉዞው ማብቂያ በፊት ጠረጴዛው የትም አይሄድም። እኛም ገበያ ላይ ምርቃት እንወዳለን አይደል? ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ የምትሸጥልኝ ሴት ከለካች በኋላ አንድ እፍኝ ትጨምርልኛለች። ያቺ እፍኝ ዋጋው ውስጥ እንዳለች እሷም እኔም እናውቃለን፣ ደስታዬ ግን አይቀንስም። ግብዣውም ምርቃት ነው። ልጅዎ በስድስት ጉዞ ከፍላበታለች፣ ስለዚህ ዕዳ እንዳለባት ሳይሆን የራሷን እንደምትወስድ ትቁጠረው።

ከግብዣው ውጪ የሆነ ግን ልተወው ያልቻልኩት አንድ ነገር አለ። ከባርሴሎና የሚነሳ መርከብ ቱርክ ወይም ሌላ ከሸንገን (በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ውጪ ያለ አገር ከነካ፣ ተመልሶ ስፔን ሲገባ እንደ አዲስ መግቢያ ይቆጠራል። ቪዛችሁ ደጋግሞ የሚያስገባ መሆኑን ከአሁኑ አረጋግጡ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ በዚህ ምክንያት ወደብ ላይ የቀረ ሰው አይቻለሁና።

*

«ሐረር ጁገል ውስጥ በአደሬ ቤት (በሐረሪዎች ባህላዊ ቤት) የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። በየዓመቱ የሚመለሱ እንግዶች አሉኝ፤ ተመራማሪዎች፣ ፎቶ አንሺዎች፣ ከውጭ የሚመጡ ቤተሰቦች። የመርከቦቹን ግብዣ በቪዲዮ አይቼ ለእነሱ እንዲህ ያለ ነገር ማዘጋጀት አማረኝ። ካርድና ደረጃ ላውጣ ወይ?»

እኅቴ፣ ግብዣውን አድርጊው። ደረጃውን ተዪው።

ለምን እንደምል ልንገርሽ። በሠራሁበት አንድ መርከብ ላይ ግብዣው ለሁለት ተከፍሎ ነበር። በገመድ የተለየ ከፍ ያለ ቦታ አለ፣ እዚያ የተሻለው መጠጥ ይቀርባል፣ ከገመዱ ወዲህ ያለው ሰው ያያል። አንድ ባልና ሚስት ከላይኛው ደረጃ ለመድረስ ሁለት ሌሊት ጎድሏቸው ነበር። ጓደኞቻቸው ከገመዱ ወዲያ፣ እነሱ ከወዲህ። ሰውየው ስቆ ሊያልፈው ሞከረ፣ ሚስቱ ግን ብርጭቆዋን ትሪዬ ላይ መልሳ ወጣች። ሃያ ዓመት የዚያ ኩባንያ ደንበኛ ነበሩ። የጎዳቸው መጠጡ እንዳይመስልሽ። ሰው ፊት መለየታቸው ነው።

አንቺ ቤት ውስጥ እኮ ከዚህ የተሻለ አለ። ነደባሽ ራሱ ከፍና ዝቅ ያለ መቀመጫ ነው፣ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ሥርዓት አለው፣ አሚር ነደባ የቤቱ አባወራ ቦታ ነው። ግን ላይም ተቀመጠ ታች፣ አንድ ክፍል ውስጥ ነው፣ ከአንድ ማዕድ ነው የሚበላው፣ ፊት ለፊት ነው የሚተያየው። ያንን ለእንግዶችሽ ንገሪያቸው፣ ደጋግሞ የመጣውን እንግዳ አንድ ማታ ከፍ ያለው ላይ አስቀምጪው። በየትኛውም መርከብ ላይ የማያገኘው ክብር ነው።

ከመርከቡ መውሰድ ያለብሽ ደብተሩን ነው። እኛ ተሳፋሪው ቡናውን እንዴት እንደሚጠጣ፣ ምን እንደማይበላ፣ ልደቱ መቼ እንደሆነ እንመዘግብ ነበር፤ በሚቀጥለው ጉዞ ሳይናገር ይቀርብለታል። ሰዎች ከሜዳሊያው ይልቅ ይህን ነበር የሚያወሩት። አንድ ደብተር ግዢና ዛሬ ጀምሪ። ማን ጨው ቡና እንደወደደ፣ ማን ከደረጃው ላይ ሲወርድ ጉልበቱን እንደሚያመው ጻፊ።

ጊዜውን ካሰብሽበት ደግሞ ሹዋሊድ አለልሽ። ከረመዳን በኋላ ስድስቱ ቀን ተጾሞ ሲያልቅ የሚከበር ስለሆነ ከውጭ ያሉት ሐረሪዎች በብዛት የሚመጡት ያኔ ነው፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2023 መዝግቦታል። ግን በበዓሉ ማታ አታድርጊው፣ ሰው ወደየዘመዱ ይሄዳል። ከበዓሉ በኋላ ባለው ጸጥ ያለ ቀን አድርጊው። ጎረቤቶችሽንና የአፎቻሽን (የመረዳጃ ማኅበርሽን) ሴቶች ጥሪ። መርከብ ላይ ያየሁት ትልቁ ጉድለት እሱ ነበር፤ እንግዳው እንግዳን ብቻ ነው የሚያገኘው፣ የአገሩን ሰው አያገኝም። አንቺ ቤት የመጣ ሰው ከሐረር ሴቶች ጋር ተቀምጦ አንድ ማታ ካሳለፈ፣ ካርድ ባይሰጠውም ይመለሳል።

*

«ሐረር ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ነኝ፣ 24 ዓመቴ ነው። ክሩዝ ላይ የሚያስቀጥር ደላላ አግኝቻለሁ፣ ለቦታው ገንዘብ አምጣ ይላል። በነዚያ ግብዣዎች ላይ ጥሩ ጉርሻ አለ ይባላል። እውነት ነው?»

አቦ፣ ወንድሜ፣ ብሩን እንዳትሰጥ! እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣውና ከ2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት፣ ሥራ አገናኝ ከሠራተኛው የቅጥር ክፍያ እንዳይቀበል ይከለክላል። አንተ የምታወጣው ለፓስፖርትህ፣ ለባሕረኛ ደብተርህና ለሕክምና ምርመራህ ሊሆን ይችላል። ቪዛው እንኳ የአሠሪው ወጪ ነው። «ለቦታው» ብሎ ገንዘብ የጠየቀህን ሰው ወረቀት እንኳ ሳትቀበለው ተለየው።

ግብዣዎቹ ላይ ጉርሻ የለም ማለት ይቻላል። መጠጡ ነጻ ስለሆነ ሰው ገንዘብ አያወጣም፣ ሥራው ደግሞ ከእራት በፊት የሚጨመርብህ ሰዓት ነው፣ ከዚያ ወጥተህ በቀጥታ ምግብ አዳራሽ ትገባለህ። ያው ስምምነት በ24 ሰዓት ከ14 ሰዓት በላይ፣ በሳምንት ደግሞ ከ72 ሰዓት በላይ እንዳትሠራ፣ ወይም ቢያንስ በ24 ሰዓት 10፣ በሳምንት 77 ሰዓት እንድታርፍ ይላል፤ የሰዓት መዝገቡ ላይ ስትፈርም የሠራኸውን እንጂ የነገሩህን እንዳትፈርም። ውሉ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ነው፣ በመሀሉ ሙሉ የዕረፍት ቀን አይጠበቅም። እኔ ከባዱ የሆነብኝ ሦስተኛው ወር ነበር።

ግን ግብዣውን አትናቀው። ለአንተ የሚጠቅምህ ሌላ ነገር አለው፦ የመርከቡ አለቆች በሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ቆመው ሥራህን የሚያዩበት ብቸኛው ሰዓት እሱ ነው። እኔ ከትሪ ወደ ባር የተዛወርኩት የሆቴል ክፍሉ ኃላፊ እዚያ አይቶኝ ነው። ትሪውን በግራ እጅህ ያዝ፣ ቀኝህ ለእንግዳው ነጻ ይሁን። ክፍሉ ጥግ ላይ ብቻውን የቆመ ሰው ካለ መጀመሪያ ወደ እሱ ሂድ። ከመሄድህ በፊት ደግሞ ጥሩ ጥቁር ጫማ ግዛ፣ ሶሉ የማያንሸራትት፣ ሁለት ጥንድ።